አንድ እርምጃ ወደኋላ

ጋዜጠኛው ሁሉ የሚከበው ዓይነ ስውሩን ሯጭ፣ ጉልላትን ነበር። እጁን ከጉልላት እጅ ጋር በገመድ አስሮ፣ «ኩርባ መጣ፣ ዘንበል በል» እያለ አብሮት የሚሮጠውን መሪውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ሕጉም ያው ነው፤ መጨረሻው ላይ መሪ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይቀራል። ቀድሞ ከገባ ሁለቱም ይሰረዛሉ።

ዛሬም ሌሎቹን ሁሉ ጥለው መጡ። ስታዲየሙ «ጉልላት! ጉልላት!» እያለ ሲናወጥ መሪውን ቅናት አንገበገበው። «እኔ ባልኖር ከአጥር ጋር ነበር የሚላተመው!» አለ በሆዱ። መስመሩ ጋ ሲደርሱ ደረቱን ነፍቶ ቀድሞ ገባ።

ዳኛው ቀይ ባንዲራ አነሳ። ሕዝቡ ጸጥ አለ።

ጉልላት እያለከለከ ተጠመጠመበት። «ወንድምዬ፣ አሸነፍን አይደል? ሰዉ ምነው ዝም አለ?»