ቀይ መብራቱ ሲበራ

ሰርክአዲስ ልጇን የልብስ ቅርጫት ውስጥ አስተኝታ፣ በኋላው በር ወደ አዳራሹ ገባች። ማንም አላያትም።

አዳራሹ ኢየሩሳሌም፣ የኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጥር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ድምፅ ያሳምራል ተብሎ ሙዚቀኞች ሊቀረጹበት ይከራዩታል። ሰርክአዲስ ታጸዳዋለች። በቀረጻ ቀን ደግሞ በር ትጠብቃለች፣ ውሃ ታቀርባለች። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ በቀረጻ መሃል የእጅ ስልኳ ጮኸባትና በማግስቱ አልተመለሰችም።

ይህን እያወቀች ነው ልጅ ይዛ የመጣችው። ምን ታድርግ። ዮቤልን የሚይዙላት ጎረቤቷ እትዬ እማዋይሽ፣ ዴር ሡልጣን ገዳም አንድ መነኩሴ አርፈው ለቀብር ሄደዋል። ባሏ ገብረመስቀል ታልፒዮት ካለው መጋዘን ከተቀነሰ ወዲህ በየጠዋቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ይህ ሥራ ከሄደ ቤቱም ይሄዳል።

ቅርጫቱን ከመድረኩ ጀርባ፣ ከወፍራሙ መጋረጃ ሥር ሸጎጠችው። ዮቤል ጠግቦ ተኝቷል። ሰባተኛ ወሩን የያዘ፣ ጉንጩ የሞላ ልጅ ነው።

ዘፋኟ ሲጋል ትባላለች፤ ሜዞ ሶፕራኖ ናት፣ ከሴት ድምፅ ጠቆርና ወፈር ያለውን የምትዘፍን። የምትቀረጸው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተደረሱ የኦፔራ ዜማዎችን ነው። የሚራገሙ ጠንቋዮች፣ ያበዱ ንግሥቶች።

«ሰርካ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለቻት ውሃውን ስትቀበላት።

«ደኅና ነኝ።»

«አይዞሽ። ዛሬ አንድ ባል እመርዛለሁ፣ አንድ ከተማ አቃጥላለሁ። ደግነቱ ሁሉም በጣሊያንኛ ነው።»

የአዳራሹ ድምፅ ቀራጭ ኤሊያሁ ከመስታወቱ ክፍል ብቅ አለ። ቀልድ አይወድም። «ቀይ መብራቱ ሲበራ ማስነጠስ የለም። ዘፈኑ ቢያልቅም መብራቱ እስኪጠፋ ማንም አይነቃነቅ። ድምፁ ድንጋዩ ውስጥ እስኪሞት እጠብቃለሁ።» ወደ ሰርክአዲስ ዞረ። «አንቺም በሩን።»

መብራቱ በራ።

ሲጋል አፏን ከፈተች። የመጀመሪያው ዜማ እርግማን ነበር። ድምፁ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፣ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ሰርክአዲስ ዓይኗን ከመጋረጃው አልነቀለችም። ኪዳነ ምሕረት፣ አፉን ያዢልኝ፣ አለች በልቧ።

በመሃል ከአጃቢዎቹ የአንዱ ቫዮሊን ተጫዋች የኖታ ማስቀመጫ ብረት ወለሉ ላይ ወደቀ። አዳራሹ ተናጋ። ኤሊያሁ እየተሳደበ መብራቱን አጠፋ። ሰርክአዲስ ጆሮዋን ወደ መጋረጃው ጣለች።

ከመጋረጃው ጀርባ ጭጭ።

እንዲህ ነው የእሷ ልጅ። ክርስትና ሲነሣ ከበሮው ራስጌው ላይ ሲመታ እንኳ ዓይኑን አልገለጠም። ያን ቀን እትዬ እማዋይሽ ሳብ አድርገው፣ «ጨዋነቱን ለሰው እንዳታወሪ፣ ልጄ። ዓይን ይበላዋል» አሏት። አላወራችም። የሕፃናት ክሊኒኳ ነርስ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ድንጋጤው ስትጠይቃት እንኳ «እንደ ሌላው ልጅ ነው» ብላ አለፈች። ሲርበው ግን ጨዋነት የለም፤ ሰፈሩን በእግሩ ያቆማል። የምትፈራው ያን ነው። የጡት ሰዓቱ እየደረሰ ነበር።

መብራቱ እንደገና በራ።

ይህኛው ልጇን የተቀማች ንግሥት ዜማ ነው። ከታች፣ ከጉሮሮ ሥር ጀመረ። ሲጋል እንደ ሐዘንተኛ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ያኔ መጋረጃው ተነቃነቀ፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ እግር ወጣች።

ነቅቷል።

ሰርክአዲስ ልትሮጥ ፈለገች፣ ጫማዋ ይንቋቋል። ካልሮጠች ደግሞ ያለቅሳል። ቆመች። የሲጋል ድምፅ ወጣ፣ ወጣ፣ ልጁ ራስጌ ላይ ጩኸት ሆነ። ሰርክአዲስ ጡቷ አግቶ ልብሷ በወተት ሲርስ ተሰማት። ተጫዋቾቹ ቀስታቸውን ከቫዮሊኑ ክር ላይ አነሡ። ድምፁ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ከሰመ። መብራቱ ግን አልጠፋም። አሁን በአዳራሹ ውስጥ ዝንብ ብትበር ይሰማል። አሁን፣ አለች፣ አሁን አለቀልኝ።

መብራቱ ጠፋ።

«ይኼ ነው» አለ ኤሊያሁ እየወጣ። «ሌላ አልፈልግም።»

ሲጋል ሻርፗን ልታነሣ ወደ መጋረጃው ሄደችና ቀጥ ብላ ቆመች። «ኤሊያሁ፣ ና እስቲ።»

ሰርክአዲስ ሮጣ ደረሰች። «ይቅር በሉኝ፤ የሚይዙልኝ ሴትዮ ቀብር ሄደው ነው። ሁለተኛ አላመጣውም። እባካችሁ፣ ከሥራ አታስወጡኝ።»

ኤሊያሁ ቅርጫቱን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ቀረጻውን ሙሉ እዚህ ነበር? ይኼ ከቫዮሊኖቼ ይሻላል። ሁልጊዜ አምጪው፣ ደመወዝ እቆርጥለታለሁ።»

ሰርክአዲስን ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ፍርሃት ለቀቃት። ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ሲጋል አልሳቀችም። ልጁ እንዳያያት ዞራ ከራስጌው በኩል በርከክ አለች፤ የመጨረሻውን ከፍተኛ ድምፅ ባላት ኃይል ሁሉ ለቀቀችው። ኤሊያሁ ጆሮውን ያዘ። ሰርክአዲስ ለቅሶውን እየጠበቀች ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ ዮቤል የእግሩን ጣት ይዞ እሷን እያየ ፈገግ ብሏል።

«ሰርካ» አለች ሲጋል በሹክሹክታ፣ «ከኋላው ሆነሽ ስሙን ስትጠሪው አንድ ቀን ዞሮ ያውቃል?»