የማይጠፋው መብራት

በ1970 ዓ.ም. የጋሽ ጉግሳ አሮጊት መኪና የውስጥ መብራቷ አልጠፋ አለ። በር ሲከፈት በርቶ ሲዘጋ መጥፋት የሚገባው መብራት፣ አራቱም በሮች ተዘግተው ቦግ ብሎ ይውላል። የጀመራትም ልጃቸውን ወንድይፍራውን ታጣቂዎች ከቤት በወሰዱት ማግስት ነው።

ሃያ ሁለት አካባቢ የሚሠራው ኤሌክትሪሻን ሙክታር ማብሪያውን ቀየረ፤ ሽቦውንም አንድ በአንድ ፈተሸ።

«ጋሽዬ፣ አንድ በር ክፍት ነው ብላ ድርቅ ብላለች እኮ! ግትር ናት።»

«ጌታዋን ብትመስል ምን ይገርማል?» አሉ። ልጁ ከታሰረ ወዲህ ሲጨንቃቸው ቀልድ ያበዛሉ።

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ ደጃፍ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላቸው።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከተሰለፉት ወላጆች የማያውቅ አልነበረም። የሞተ አይበላም።

ጋሽ ጉግሳ ምሳ ዕቃውን እንደታቀፉ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በራቸውን ዘጉ፤ መብራቱ እንደበራ ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ መሪውን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ከኋላ ወንበሩ ሥር ባሌስትራው ሲጢጥ አለ። መኪናዋ ሰው እንደገባባት ሁሉ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች።

መብራቱ ጠፋ።