ተጠባባቂው አማች

ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል ከጠመንጃ ያዥ ተወልደው፣ ጠመንጃ ይዘው ኖረው፣ በስተርጅና ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም እስከ ዛሬ አልጋቸውን የሚያነጥፉት ተቆጣጣሪ እንደሚመጣባቸው አድርገው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሰለች ትራስ አዛንፈው የተገኙ ቀን ግሣጼ አይቀርላቸውም።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው መቅዲ የምትወደው ሰው እንዳለና ቤት ልታመጣው እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ስሙ ፍሰሐ ነው።

«ሥራውስ?» አሏት።

መቅዲ ፈራ ተባ አለች። «ካምፕ ነው የሚኖረው፣ አባዬ። ለጊዜው ተጠባባቂ ነው። ቋሚ መሆኑ ግን አይቀርም።»

ካምፕ የሚለው ቃል ደስ አሰኝቷቸው ነበር፤ ተጠባባቂ የሚለው አበላሸው። ሃምሳ አለቃ በዚህ ዓለም ላይ ከልባቸው የሚንቁት ነገር ቢኖር ተጠባባቂ ጦር ነው። መደበኛ ወታደር ማለት እንደ እሳቸው ብርድና ረሃብ አሽቶ ያበሰለው ነው። ተጠባባቂ ግን ከእርሻው ወይም ከሱቁ ተጠርቶ፣ ግራና ቀኙን በወጉ ሳይለይ መሣሪያ ይታደለዋል። አንድ ጊዜ እሳቸው ዘንድ የተመደቡት ተጠባባቂዎች ጠመንጃውን እንደ ሸንኮራ አገዳ ተሸክመው ነበር የመጡት። አንዱማ ገና በመጀመሪያው ቀን የገዛ ጫማውን መትቶታል።

«ለግማሽ ወታደር ልጄን አልሰጥም» አሉ ለወይዘሮ መሰለች። «አንድ ቀን ይጠሩታል፣ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል። ያልሠለጠነ ቶሎ ነው የሚሞተው።»

ቁጣቸው ከፍርሃት የመጣ ነበር። መቅዲ አንድ ልጃቸው ናት፤ በለጋነቷ ጥቁር ለብሳ ማየት አይችሉም።

«እስቲ መጀመሪያ ልጁን እየው» አሉ ወይዘሮ መሰለች።

«አየዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ፍሰሐ በማግስቱ እሑድ መጣ። በሩ ስላጠረበት ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ሃምሳ አለቃ ቁመናውን ሲያዩ ለክብር ዘብ የሚሆን ልጅ ባከነ ብለው ቆጫቸው። መቅዲን ለስላሳ እንድትገዛ ወደ ታች ላኳትና ምርመራውን ጀመሩ።

«ሥልጠናችሁ ከቋሚዎቹ ጋር አንድ ነው?»

«አንድ ነው፣ ጋሼ። ጠዋት ጠዋት አብረን እንሮጣለን። እኔ ግን ቦታዬ በር ላይ ስለሆነ ለብቻዬ አሰልጣኝ አለኝ።»

በር ላይ። ዘብ ነው ማለት ነው፤ እሱም ተጠባባቂ ዘብ። ሃምሳ አለቃ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ምን ምን ያሠራሃል?»

«መውደቅና መነሣት። ጭቃም ቢሆን መውደቅ ነው። ከዚያ ከቅርብ ይመቱብኛል፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ።»

«ወዳንተው?»

«አዎ። መጀመሪያ መጀመሪያ ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ አሁን ትቻለሁ። ይህችን ጣቴን ግን ሰብረውኛል።» የተጣመመች ጣቱን አሳያቸው።

ሃምሳ አለቃ ጣቷን አገላብጠው አዩ። በእሳቸው ጊዜ እንኳ ለልምምድ የሚተኮሰው ከአናት በላይ ነበር። ሥልጠናው በተጠባባቂ ደረጃ እዚህ መድረሱን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ከቋሚው በምን ትለያለህ?»

«እሱ ይገባል፣ እኔ ተቀምጬ አያለሁ። አልፎ አልፎ ተነሥ እባላለሁ። ዳር ዳሩን ሮጬ፣ ሰውነቴን አሟሙቄ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።»

«ጓደኞችህ እየሞቱ?»

ፍሰሐ አቀረቀረ። «እሱ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ጋሼ። እነሱ እዚያ እየሞቱ እኔ ልብሴ ሳይቆሽሽ መመለሴ።»

ይህች ንግግሩ የሃምሳ አለቃን አንጀት በላች። ከስንትና ስንት መደበኛ ወታደር ያልሰሙትን ቃል ከተጠባባቂ ሰሙ። ልጁን ወደዱት፤ ስለወደዱትም የባሰ ፈሩለት።

መቅዲ ለስላሳውን ይዛ ስትገባ የፍሰሐ ስልክ ጮኸ። አዳምጦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አሰልጣኙ ነው። ቋሚው ጉልበቱን ተመቷል። ነገ እኔ ነኝ የምገባው።»

ወይዘሮ መሰለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መቅዲ ግን በደስታ ተጠመጠመችበት። ሃምሳ አለቃ በልጃቸው ወኔ ተደነቁ፤ ለካ የወታደር ደም አይጠፋም አሉ በሆዳቸው።

ወታደር የሚሄድበትን አይጠየቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

«ልጄ፣ በርህን ለቀህ እንዳትርቅ። ከፊትህ ያለውን እንጂ ጩኸቱን አትስማ። በሰላም ተመለስና ሽማግሌ ላክ፤ መቅዲ ያንተ ናት።»

«አሰልጣኜም ይህንኑ ነው የሚመክረኝ» አለ ፍሰሐ ተገርሞ።

ሰኞ ጠዋት መቅዲ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ልትሸኘው ወጣች። ወይዘሮ መሰለች ልደታ ማርያም ሄደው ጥላ ተሳሉ። ሃምሳ አለቃ ምሳም አልበላ ብሏቸው ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ዋሉ። ዜናው ስለ ውጊያ አንድም ነገር አይልም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራቸው፤ ከባድ ነገር ያለ ቀን ዜና ዝም እንደሚል በልምድ ያውቁታል። ልጁን ትናንት አስቀርተውት ቢሆን ኖሮ እያሉ ሲቆጩ ዋሉ።

አመሻሽ ላይ ስልካቸው ጠራ። መቅዲ ናት። ከኋላዋ የሕዝብ ጩኸትና የጥሩምባ ድምፅ ይሰማል። እሷም ታለቅሳለች።

«አባዬ፣ ፍሰሐ አዳነ።»

«ተመስገን» አሉ ሃምሳ አለቃ። « ስንት ሰው አዳነ?»

«የምን ሰው? ፍጹም ቅጣት ምት ነዋ፣ አባዬ።»