ተከትባ ያስነጠሰችው

ልጅቷ የጉንፋን ክትባት ተከትባ ስታበቃ ጉንፋን ያዛት። ለቤተ ዘመዱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ባስነጠሰች ቁጥር ጎረቤታቸው ጋሼ ይልቃል እጁን ወደ እሷ ይዘረጋል። «ይኸውላችሁ የተማረ ሰው! ክንዷ ላይ መርፌ፣ አፍንጫዋ ላይ ንፍጥ!»

«ክትባቱ ጉንፋን ጨርሶ እንዳይይዘን አያደርግም» አለች፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እሷም ረስታዋለች። «ቢይዘንም እንዳይጸናብን ነው። እኔ ሦስት ቀን ተኝቼ ተነሣሁ።»

«ታዲያ የሚያፈስ ጃንጥላ ምን ያደርጋል?» ሲል ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ይልቃል በሕክምና ትምህርት ዓመታት ያላባከነው ለዚህ ነው፤ ጃንጥላ ይበቃዋል።

ልጅቷ እነሱን ተወችና ወደ አክስቷ ዞረች። አክስቷ አስም አለባት፤ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ትንፋሽ ያጥራታል። «እቴቴ፣ አንቺ እንኳን ስሚኝ። ነገ ራሴ ለክትባት እወስድሻለሁ። እባክሽ።»

አክስቷ አመነታች። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ጋሼ ይልቃል ቀደማት።

«የገዛ ባልሽን አታዪም እንዴ? እሱና ይህቺ ልጅ የታመሙት በአንድ ሳምንት ነው። እሱ ከነጭ ሽንኩርትና ከፌጦ ሌላ መቼ ያውቃል? እሷ ግን ተከትባም ይኸው እስከ ዛሬ ታስነጥሳለች። እሱ ሲያስነጥስ ትሰሚያለሽ?»

ይህን ማንም ሊክድ አልቻለም።

አክስቷ ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቀና ብላም በድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ አየች።

«እውነት ነው» አለች በኩራት። «መርፌ ሳይነካው ነው የተቀበረው። እኔም ይቅርብኝ።»