ለአንድ ሰው የተለካ ቤት

አቶ ጌጡ ሆስፒታል እንዳሉ ማረፋቸውን ማምሻውን ሰማን። ባለቤታቸው እትዬ እታፈራሁ ያቺን ሌሊት እንኳ ይተኙ ብለን መርዶውን ለንጋት አሳደርነው። ቤታቸውን ግን ረሳነው። ግድግዳውን በራሱ የሚያንቀሳቅሰው የአሁን ዘመን ቤት ሞት በተመዘገበ ቅጽበት ይሰማል፤ «ባልና ሚስት» ብሎ የመዘገበውን ቤተሰብ «ብቸኛ» ይለውና ክፍሉንም በዚያው ልክ ያጠብበዋል።

ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገባን። ሰፊው አልጋ የአንድ ሰው ሆኗል፤ ግድግዳው እስከ ጠርዙ ተጠግቷል። እትዬ እታፈራሁ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆመዋል።

«እትዬ...» አለ መርዶውን እንዲነግር የመረጥነው ደምሰው።

እሳቸው ነጠላችንን እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

«እንኳን መጣችሁ» አሉ። «ይሄ ቤት ተበላሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ስገፋው አደርኩ። ጌጡ ሲመጣ የት ሊተኛ ነው? እስቲ አግዙኝ።»

ደምሰው ትከሻውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ሁላችንም ገፋን።