የአሰበች ልጅ አባት ማነው?

«ልጁ የኔ አይደለም! በቃ!»

ደምለው የጤና ጣቢያውን ጠረጴዛ በቡጢ መታው...

ሚስቱ አሰበች ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ውጪ ባጃጅ ቆሟል። ልብሷ ተጭኗል... ዛሬውኑ ወደ ወላጆቿ ሊመልሳት ነው፤ በመንገድ እዚህ የቆሙት እሷ ለምናው ነው።

ደምለው ገለጉ ከተማ ዙሪያ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ሽንፋ ወዳለው ቤቱ ሲገባ የጠበቀው ሕፃን ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ ቆዳው ነጭ ነው።

እሱ ጠይም። እሷም ጠይም!

ሰፈሩማ ምላሱን ስሎ ጠብቆታል። «ከፈረንጅ ነው የወለደችው!» አሉት... ወይ የሰው ነገር!

«ሲስተር ሩፊዳ፣ በአላህ ይሁንብሽ... አስረጂልኝ!» አለች አሰበች ነርሷን።

«ደምለው፣ ስማኝ። የቆዳ ቀለም የሚሠራው ዘረመል ጥንድ ነው። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ቢበላሽ ደህናው ይሸፍነዋል፤ ሰውየው እንዳንተ ጠይም ሆኖ ይኖራል። ልጅ የተበላሸውን ከሁለታችሁም ሲወርስ ግን እንዲህ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ አልቢኒዝም ይባላል። አንተም ጋ ተደብቆ ነበር ማለት ነው።»

«እኔ ጋ?! በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ተወልዶ አያውቅም! እናቴ ትመስክር!»

ሁሉም አብረዋቸው መጥተው ጥግ ወደተቀመጡት እናቱ፣ ወደ እማማ ታንጉት ዞረ...

እሳቸው ሕፃኑ ሲወለድ «ኪዳን በሉት» ካሉ ወዲህ ስለ መልኩ ትንፍሽ አላሉም። አሁንም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ...

«አየሽ ሲስተር?» አለና ደምለው ወደ በሩ ሄደ። ባለባጃጁ ሞተሩን አስነሳ።

«ደምለው... ቁም!» አሉ እማማ ታንጉት።

«ምነው እማ?»

«ወንድም አለህ።»

«ምን?!»

«ነጭ ሆኖ የተወለደ... ከወሎ ለሰፈራ ስንወርድ የቆላው ፀሐይ ይፈጅብኛል ብዬ ለእህቴ ትቼው መጣሁ። አንተ ገና ሆዴ ውስጥ ነበርክ። እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ ግን ሌላ ልጅ የለኝም አልኩ። አፍሬ ነው ልጄ... አፍሬ!»

«በሕይወት አለ?»

«አለ። እዚያው ነው።»

«ስሙስ?»

እማማ ታንጉት ሕፃኑን እያዩ አለቀሱ።

«ኪዳን...»

ደምለው ከበሩ ተመለሰ። ከዚያ የትከሻውን ፎጣ አውርዶ ሕፃኑን ከፀሐይ ሸፈነውና ባለባጃጁን «ወደ ቤታችን መልሰን» አለው።

አሰበች ግን እስከ ቤት ድረስ አላናገረችውም። እኔ ብሆንም አላናግረውም!

ወገኖቼ... ሚስትህን ከመጠርጠርህ በፊት የራስህን ቤት ጠይቅ። የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ እናንተም ይህን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱት፤ ሰፈራችሁ ውስጥ እንደ አሰበች የምትንቀጠቀጥ ሴት ካለች ሄዳችሁ አስረዱላት።

እናቶችም... ልጅ አይታፈርበትም።

በእናንተስ ቤት ስሙ የማይጠራ ሰው አለ? እስኪ ዛሬ ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልን...