አባቷ ያጣጣሉት ሙያ

"የሴት ልጅ እጅ ለላም ሆድ ነው እንዴ የተፈጠረው?!"

አቶ ሐብታሙ ምሳቸውን ገፋ አደረጉት...

ልጃቸው ወይንእሸት ሰሃኑን መልሳ ወደ እሳቸው አስጠጋች።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ቢቸና ወላጆቿ ዘንድ ለእረፍት መጥታለች። ውጤቷ ለሁለቱም ያበቃታል... ፋርማሲም፣ የእንስሳት ሕክምናም።

ምርጫው የሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ነገ ያበቃል።

"ፋርማሲ እኮ ግሩም ነው!" አሉ አባቷ። "ነጭ ጋዋን ለብሶ ጥላ ስር ቁጭ ነው! የከብት ሐኪም ግን ምኑ ሥራ ነው? ጭቃ ነው! እበት ነው! እርግጫ ነው!"

አቶ ሐብታሙ የበሬ ነጋዴ ናቸው። ገበያ ላይ አፋቸውን የሚችለው የለም።

ልባቸው የወደደውን በሬ "ቀንዱ ጠማማ፣ ጭራው አጭር፣ ይሄም በሬ ተብሎ!" እያሉ ሲዞሩት ይቆዩና... በመጨረሻ ነድተውት ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ወይንእሸት በዚህ እየሳቀች ነው ያደገችው። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

አምና ክረምት ቦራ የሚሉት በሬያቸው ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ። ሐኪሙ ሩቅ ቀበሌ ነበር። እስኪደርስ ድረስ... ቦራ ራሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሙያ አላማራትም።

"እንግዲያው ሞጣ ሂጂ!" አሉ አባቷ። "ሙሐመድያሲን መድኃኒት ቤት አለው፣ ዶክተር ይርጋነሽ የከብት ክሊኒክ አላት። ደሞዙንም፣ የሥራ ዕድሉንም ጠይቂና ደውዪልኝ!"

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች።

ጋሽ ሙሐመድያሲን ፋርማሲስት ናቸው፤ የአባቷ የድሮ ወዳጅ።

"እውነቱን ልንገርሽ ልጄ" አሏት። "በመንግሥት ቤት የሁለቱም ደሞዝ የሚያኩራራ አይደለም። የግል ፋርማሲ ግን ሻል ያለ ይከፍላል። ተመራቂው በዝቷል፤ ሥራ ፈልጎ እዚህ በር ላይ የማይመጣ ወጣት የለም። ቢሆንም ዝናብ አይመታሽም፣ በሬ አይወጋሽም።"

"ጋሼ፣ ልጅዎ ብሆን ምን ይሉኝ ነበር?"

"ፋርማሲ ግቢ ነበር የምልሽ።"

አመስግናቸው ወደ ክሊኒኩ አመራች።

ክሊኒኩ የከብት ገበያው አጠገብ ነው። ገና በሩን ከመርገጧ...

"አንቺ! አዎ አንቺ! ያንን ገመድ አቀብዪኝ!"

ዶክተር ይርጋነሽ ናቸው። ላም አምጣ መውለድ አቅቷት፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሆዷ ውስጥ ነው።

"ዶክተር፣ እኔ እንኳን ለጥያቄ ነበር..."

"ጥያቄው ይቆያል፣ ጥጃው አይቆይም!"

ፋንታ የሚባለው የላሟ ባለቤት ወይንእሸትን ከላይ እስከ ታች አያትና ሳቀ። "ይቺንማ ነፋስ ይወስዳታል!"

"አንተ ላምህን ያዝ። ነፋሱን ለእኛ ተወው!" አሉት ዶክተሯ።

ሳቡ... ሳቡ... ጥጃው ዱብ አለ። አይተነፍስም!

ወይንእሸት ማንም ሳያዛት ተንበረከከች። አፍንጫውን በእጇ ጠረገችለት፣ ጎኑን በጭድ አሸችው...

ጥጃው አስነጠሰ!

የፋንታ ሳቅ ጠፋ።

"አሁን ጠይቂ" አሉ ዶክተሯ እጃቸውን እየታጠቡ።

"ደሞዙ... እንዴት ነው?"

"መነሻው ከፋርማሲ አይበልጥም። እዚህ አካባቢ የግል ቀጣሪም ጥቂት ነው። ይህን ክሊኒክ እስክከፍት ብዙ ተንከራትቻለሁ። ከከፈትኩ ወዲህ ግን ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ሴት በመሆንሽ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትፈተኛለሽ... መጀመሪያ በከብቱ፣ ቀጥሎ በባለቤቱ!"

ወይንእሸት ስልኳን አወጣች።

"አባባ፣ ጋሽ ሙሐመድያሲን ፋርማሲ ይሻላል ብለዋል።"

"አላልኩሽም!"

"እኔ ግን የእንስሳት ሕክምናን ነው የምሞላው።"

"ጭቃ ነው እኮ!"

"አሁንም ጭቃ በጭቃ ሆኛለሁ።"

"እርግጫ ነው!"

"ይርገጠኝ! ቢቆጡኝም... ንቅንቅ አልልም።"

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"ዶክተርን አገናኚኝ" አሉ አባቷ በመጨረሻ።

ዶክተር ይርጋነሽ ስልኩን ተቀብለው ሰሙ፤ ፈገግ አሉ። ከጠረጴዛው ስር ፌስታል አወጡ።

በፌስታሉ ውስጥ አዲስ የጎማ ቡትስ ጫማ ነበር... በወይንእሸት እግር ልክ!

"አባትሽ ናቸው ባለፈው ገበያ ያስቀመጡት። 'ልጄ በሐሳቧ ከጸናች ስጫት፣ እረፍቷንም አንቺ ዘንድ ትለማመድ' ብለውኝ ነበር፤ አሁን 'ስጫት' አሉኝ።"

ወይንእሸት ስልኩን ነጠቀች ማለት ይቻላል። "አባባ! ታዲያ ለምን እንዲያ ያጣጥሉታል?"

"አንቺ የበሬ ነጋዴ ልጅ! እኔ ያልወደድኩትን ነገር አጣጥዬ አውቃለሁ?"

እየሳቀች አለቀሰች።

"የከብት ሐኪም እንድትሆኚ ቦራ የሞተ ዕለት ነው የተመኘሁት" አሉ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ግን ገበያው ሁሉ 'ሴት ልጅ ምን ትችላለች' ይልሻል። የእኔን አፍ ከቻልሽ... የማንንም ትችያለሽ።"

ወዳጆቼ... ደሞዝ መጠየቅና ማወዳደር ነውር አይደለም፤ ጠይቁ። ግን ሙያችሁን የምትመርጡት በሰው አፍ ከሆነ፣ ነገ ሌላ ሰው ሲናገራችሁ ትተዉታላችሁ። ሁሉን ሰምታችሁ "ይሁን" ካላችሁ በኋላ ጸንታችሁ ቁሙ!

እስቲ እናንተም ንገሩን... ቤተሰቦቻችሁ ያጣጣሉባችሁ ሙያ ምን ነበር? ገባችሁበት ወይስ ተዋችሁት?